ሞተር ሳይከፈት የሚፈተሽበት ክፍል፦ የዲኤክስ ሥራ ማስታወሻ፣ ደብረ ብርሃን

ኅዳር 6

ለርካሽ የመኪና ውድድር ክፍል (መደብ) ሕግ እየተረቀቀ ነው። የመወዳደሪያ ሜዳው ዙሪያውን 350 ሜትር ገደማ ነው፤ ሞላላ፣ መረሬ አፈር፣ መዞሪያው ወደ ግራ ብቻ። የቀረቡት ሦስት ኮሮላ ዲኤክስ ናቸው፤ ለማስታወሻ ሀ፣ ለ እና ሐ ተብለዋል። ሦስቱም 4ኬ ሞተር ነው ያላቸው፤ ሲሊንደሩ 75 ሚሜ፣ የፒስቶኑ ምልልስ 73 ሚሜ፣ ጠቅላላ 1,290 ሲሲ።

2ኢ የሚባለው ሞተርም ታስቦ ነበር፤ 1,295 ሲሲ ስለሆነ በመጠን እኩል ነው። ግን ባለ 12 ቫልቭ ነው፣ ካሙ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ነው፣ የሚዞረውም በቀበቶ ነው። 4ኬ በሰንሰለት ይዞራል፣ ካሙ ብሎኩ ውስጥ ነው፣ ቴስታታው ብቻውን ሲወርድ ታይሚንጉ አይነካም። ዕቃውም ሶማሌ ተራ ተሂዶ ሳይገኝ የሚመለሱበት ዓይነት አይደለም፣ ለጊዜው። ለጊዜው ያሰኘው በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ነው። አገር ውስጥ ያለው ሞተር ካለቀ አለቀ። ስለዚህ ይህ ክፍል ከፍጥነት በፊት ሞተር የማይበላ ሕግ ያስፈልገዋል።

ሕጉ ሲረቀቅ የተያዘው መነሻ፦ በሜዳው ዳር፣ ውድድሩ እንዳለቀ፣ ቴስታታ ሳይወርድ ሊፈተሽ የማይችል ነገር ሕግ ውስጥ አይገባም። «ሞተሩ ከዚህ ብር በላይ አይፈጅም» የሚል አንቀጽ ተጽፎ በዚያው ቀን ተሰርዟል። ደረሰኝ ማንም ያጽፋል።

ኅዳር 9

ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ አየር የሚጨምቅበት ግፊት) ተለካ። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ የቦቢናው ሽቦ ተነቅሎ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር 6 ዙር።

ሀ፦ 112፣ 110፣ 114፣ 111 ፒኤስአይ
ለ፦ 126፣ 97፣ 125፣ 127
ሐ፦ 104፣ 102፣ 105፣ 103

መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር ይዞ የመጣ ሰው ሦስቱንም «ፋሻቸው (የፒስቶን ቀለበታቸው) አልቋል» ብሎ ይጥላቸዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 71 በመቶ ያህል ነው። ጌጁም በዚያው ልክ ይወርዳል። ባሕር ወለል ላይ 160 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 113 ያሳያል። ስለዚህ ሀ ጤነኛ ነው። ሐ በእኩል የደከመ ነው፣ ይሠራል።

አነጋጋሪው ለ ነው። ሦስቱ ሲሊንደር ከሚገባው በላይ፣ ሁለተኛው በጣም በታች። ሁለተኛው ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ገብቶ ድጋሚ ተለካ፤ 99 ብቻ። ዘይቱ ብዙ ከፍ ቢያደርገው ኖሮ ፋሻ ነበር፤ አላደረገውም፣ ስለዚህ ቫልቭ ነው። ክዳኑ ሲከፈት የማስወጫው ቫልቭ ክፍተት 0.05 ሚሜ ሆኖ ተገኘ። ልኩ በሙቅ ሞተር ማስገቢያ 0.20፣ ማስወጫ 0.30 ነው። ቫልቩ መቀመጫው ላይ እየሰመጠ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፤ ሲሞቅ ጨርሶ አይዘጋም፣ ቀጥሎ ጫፉ ይቃጠላል። ተስተካክሎ 122 ወጣ። ሌሎቹ ሦስቱ ለምን 126 እንዳሳዩ ግን አልተመለሰም።

ኅዳር 13

የካም ጉዳይ። በአሜሪካ ትንንሽ ሞላላ ትራኮች ላይ ለርካሾቹ ክፍሎች የሚሠራበት ቀላል መላ አለ፦ ሞተሩን በ1,000 ዙር ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ላይ አቁሞ የማስገቢያውን ቫኪዩም (የአየር መሳብ ኃይል) መለካት። የተቀየረ፣ ቫልቭን ረጅም ጊዜ ከፍቶ የሚያቆይ ካም ቫኪዩሙን ይጥለዋል። ሕጉ ላይ 16 ኢንች ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በላይ ይባላል።

ያ ቁጥር እንዳለ ተገልብጦ ቢጻፍ ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚያልፍ መኪና አይኖርም። እዚህ ያለው ጠቅላላ የአየር ግፊት ራሱ 21 ኢንች ሜርኩሪ ገደማ ነው፤ ባሕር ወለል ላይ ወደ 30 ይጠጋል። ጤነኛ ሞተር እዚያ 19 ቢያሳይ እዚህ 10 ያሳያል። የተለካው፦ ሀ 10.5፣ ለ 10፣ ሐ 9። ሐ ካሙ የተቀየረ አይደለም፣ ፋሻው የደከመ ነው። በ1 ኢንች ልዩነት ሌባና ሽማግሌ መለየት አይቻልም። የቫኪዩም ሕግ ከረቂቁ ተሰረዘ።

በምትኩ፦ የቫልቭ ክዳኑ ተከፍቶ (ይህ ሞተር መክፈት አይባልም፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ማሸጊያው፣ ተመልሶ ይገጠማል) ኮምፓራቶር፣ ቅንጣት እንቅስቃሴ የሚለካ ጌጅ፣ ቫልቩ ጫፍ ላይ ተደግፎ፣ ሞተሩ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ዞሮ፣ ቫልቩ ስንት እንደሚወርድ ይነበባል። ልኩ ካልተነኩ ሞተሮች የተለካው ትልቁ ቁጥር ላይ 0.15 ሚሜ ተጨምሮ ነው። ክፍተቱን አጥብቦ የሚመጣ ስለሚኖር መጀመሪያ ክፍተቱ ተለክቶ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ከዚያ ኮምፓራቶሩ ይገጠማል። አንዳንዱ 4ኬ በዘይት ግፊት የሚሠራ ታፔት (ካሙ የሚገፋው ቁራጭ) አለው። በዚያ ላይ ሲለካ ታፔቱ ስለሚሰምጥ ቁጥሩ አንሶ ይወጣል፤ ስለዚህ የዚያ ዓይነት ሞተር ለብቻ ይመዘገባል።

ኅዳር 17

የመኪና «ለ» ምስጢር። የቴስታታው ፊት ቶርኖ ቤት ተልጓል ወይ? ከውጭ አይታይም፣ ግን በፈሳሽ ይለካል።

አሠራሩ፦ ፒስቶኑ ጣሪያ ላይ፣ ሁለቱም ቫልቭ ተዘግቶ። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ የካንዴላው ቀዳዳ ከሁሉ ከፍ እንዲል ይዘነበላል፤ አለዚያ ውስጥ የአየር አረፋ ይቀርና ክፍሉ ትንሽ መስሎ ይወጣል። በ50 ሚሊ ሊትር የመድኃኒት መርፌ ቀጭን ዘይት ይገባል፣ የመጨረሻዎቹ ሚሊ ሊትሮች በ10ው መርፌ። ፈሳሹ የቀዳዳው አፍ ላይ እኩል ሲሆን ይቆማል። የካንዴላው ክር 19 ሚሜ ርዝመት፣ 14 ሚሜ ስፋት ከሆነ ቀዳዳው ራሱ 3 ሲሲ ገደማ ይይዛልና ይቀነሳል። ነጭ ጋዝ ተሞክሮ ነበር፤ በፋሻው በኩል ቶሎ ስለሚሾልክ ቁጥሩ አይቆምም። ዘይት ይሻላል፣ ግን ጠዋት በብርድ ስለሚወፍር እጅ ላይ ሞቆ ይግባ።

ሀ፦ 43.5 ሲቀነስ 3፣ 40.5 ሲሲ። አንድ ሲሊንደር 322.5 ሲሲ ይጠርጋል፤ 322.5 ለ40.5 ሲካፈል 7.96፣ አንድ ሲጨመር የመጭመቂያ ምጣኔው 8.96። ፋብሪካው ያወጣው 9 ነው።
ለ፦ 39 ሲቀነስ 3፣ 36 ሲሲ። 9.96 ሆነ። ተልጓል።

ለ የተላገው ለማጭበርበር ላይሆን ይችላል። ሞተር ፈልቶ የተጣመመ ቴስታታ ሁሉ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፣ ደጋው ላይ ደግሞ ሲላግ መኪናው ስለሚሻለው ማንም አይከፋም። ቀጭኑ አየር ግፊቱን ዝቅ ስላደረገው 10 ለ1 እዚህ አያንኳኳም፣ ማለትም ቤንዚኑ ያለ ጊዜው አይፈነዳም። ጉዱ የሚታየው ጣርማበርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ ከደብረ ብርሃን በ21 በመቶ ይበልጣል፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። ያው ሞተር፣ በዚያው ቤንዚን፣ እዚያ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ቀጥሎ የፒስቶኑ የፋሻ ቦይ ይሰበራል።

ሕጉ፦ የተጣራ ከ38 ሲሲ በታች አይሆንም። ይህ ባልተነካ ሲሊንደር 9.5፣ እስከ 1 ሚሜ በተቦረቦረው (1,325 ሲሲ) ደግሞ 9.7 ያህል ይሰጣል። አንዴ ለተላገ ቴስታታ ቦታ ይተዋል፣ ሁለቴ ለተላገ አይተውም። «ለ»ን ወደ ሕጉ ለመመለስ ሁለት ጓርኒሲዮን መደራረብ ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ በመካከላቸው ውሃ ያሳልፋል። ሌላ ቴስታታ ተፈልጎ ይቀየር፣ እሱ ነው የሚረክሰው።

ኅዳር 18

ጥፋት። የሀ ሦስተኛ ሲሊንደር ከተለካ በኋላ ዘይቱ ሳይመጠጥ ካንዴላ ገብቶ ሞተሪኖ (ማስነሻው) ተመታ። ግጥም ብሎ ቆመ። ፈሳሽ አይጨመቅም፤ የሚታጠፈው ቢዬላው (ፒስቶኑን የሚገፋው ክንድ) ነው።

ዳኝነቱን ያው መርፌ ሰጠ። ቢዬላው ቢታጠፍ ፒስቶኑ እንደ ድሮው ጣሪያ አይደርስም፤ ግማሽ ሚሜ ቢያጥር ክፍሉ በ2.2 ሲሲ ይሰፋል። ድጋሚ ሲለካ 43.5፣ ንቅንቅ አላለም። ቢዬላው ደህና ነው። ከዛሬ ጀምሮ መኪና ሲለካ የሞተሪኖው ሽቦ ይነቀላል፣ ካንዴላዎቹ መለኪያው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። ከተለካ በኋላ በመርፌና በቀጭን ቱቦ ይመጠጣል፣ ከዚያ ካንዴላ ሳይገባ 10 ዙር ይዞራል። በቀዳዳው በኩል ጨርቅ ይያዝ፤ የሚተፋው ዘይት ዓይን ነው የሚፈልገው።

ኅዳር 24

ጉልበት መገደብ። የመጀመሪያው ሐሳብ ካርቡራቶሩ ሥር የሚገባ 3 ሚሜ የአሉሚኒየም ላሜራ ሁለት ቀዳዳ ያለው። በ22 ሚሜ ቀዳዳ ተጀመረ፤ የአንድ ዙር ሰዓቱ 27.4 ሰከንድ የነበረው 27.5 ሆነ፣ ማለትም ምንም። መሆን የነበረበትም ይኸው ነው፦ ሁለት 22 ሚሜ ቀዳዳ አንድ ላይ 760 ካሬ ሚሜ ነው፣ 31 ሚሜ እንደሆነ አንድ ቀዳዳ። ለ1,300 ሞተር በር ነው።

15 ሚሜ ተበሳ። ይሄ ያዘው፣ 28.6። ግን ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አንደኛ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ቤንዚኑ ላሜራው ጠርዝ ላይ ይጠራቀምና ከመዞሪያ ሲወጣ ያስለዋል። ሁለተኛው ይብሳል፦ ቀዳዳው በካሊፐር 15 ሆኖ አፉ በሽብርቅ ወረቀት ከተድቦለቦለ በጣም ብዙ አየር ያሳልፋል። ሹል አፍ ያለው ቀዳዳ ከስፋቱ ከአሥር ስድስት እጅ ያህሉን ነው የሚጠቀመው፤ የተድቦለቦለው ከአሥር ዘጠኝ እጁን ያልፋል። በሜዳ ዳር በዓይን የሚለይ ነገር አይደለም። ላሜራው ተጣለ።

የተያዘው፦ ካርቡራቶሩ ሁለት አፍ ነው፤ ሁለተኛው አፍ ይዘጋል። ማገናኛ ክንዱ ይወጣል፣ ስሮትሉ ተዘግቶ በ4 ሚሜ ብሎን ይያዛል፣ ብሎኑ በሽቦ ይታሰራል። የሁለተኛው አፍ ዋና የነዳጅ ቀዳዳ፣ ጅግለሩ፣ ወጥቶ ያልተበሳ መዝጊያ ይገባል፤ አለዚያ መኪናው ወደ ግራ ሲዞር ነዳጁ ገንዳው ውስጥ ወደ ቀኝ ይወጣና በዚያ በኩል ይንጠባጠባል። ወጪው አንድ ብሎን ነው። ሰዓቱ 28.9። ፍተሻው ባትሪ አብርቶ ከላይ ማየት።

የሚቀረው ማጭበርበሪያ አንደኛውን አፍ ማስፋት ነው። ለሱ ቶርኖ ቤት ሁለት የነሐስ ዘንግ ተቀረጸ፦ አንዱ ካልተነካ ካርቡራቶር ጉሮሮ ጋር እኩል፣ አንዱ 0.3 ሚሜ የሚበልጥ። ትንሹ መግባት አለበት፣ ትልቁ መግባት የለበትም። ነሐስ የተባለው አሉሚኒየሙን እንዳይፍቅ ነው። የመጀመሪያው ጥንድ በብረት ተሠርቶ መጥቶ ተመልሷል።

ኅዳር 27

ጅግለር። በቀጭን አየር ካርቡራቶር ያበዛል፤ አየሩ ይቀላል፣ ቤንዚኑ ግን አይቀልም። በዚህ ከፍታ ድብልቁ ከባሕር ወለሉ 18 በመቶ ገደማ ይወፍራል፤ ለማስተካከል የጅግለሩ ዲያሜትር ከ7 እስከ 8 በመቶ ይቀነሳል። 107 የተጻፈበት ወደ 98 ወይም 100። 1.00 ሚሜ መብሻ ስለተገኘ 100 ሆነ፦ የድሮው በቆርቆሮ ብየዳ ተደፍኖ፣ መሐሉ በእጅ መያዣ (በድሪል አይደለም፣ ይሰበራል) ቀስ ተብሎ ተበሳ። ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ ይወጣ የነበረው ቡናማ ግራጫ ሆኗል። ለማየት ሞተሩ በሙሉ ነዳጅ ላይ ሳለ ቁልፍ ይጠፋል፣ ፍሪሲዮን ይረገጣል፣ ካንዴላው እዚያው ይወጣል። በሚኒሞ እየነዱ አምጥቶ ማየት የሚኒሞውን ቀለም ነው የሚያሳየው።

ሕጉ ጅግለርን ነፃ ይተዋል። ብር አይፈጅም፣ የተሳሳተው ደግሞ ሞተር ይገድላል። ቆላ ለሚወርድ፦ 100ው እዚያ በ8 በመቶ ያህል ያሳሳል፤ 107 የተጻፈበት ይግባ።

ታኅሣሥ 2

ውርጭ። የሐ ራዲያተር ማታ ተደፍቶ ነበር፣ ብሎኩ ግን አልተደፋም። ብሎኩ ጎን ላይ የራሱ መፍሰሻ አለች፣ ዝገት ስለደፈናት በሽቦ መወጋት አለባት። ጠዋት የብሎኩ ታፖ (ጎኑ ላይ የተመታው የብረት ክዳን) 2 ሚሜ ወደ ውጭ ወጥቶ ተገኘ። ብሎኩ ባለመሰንጠቁ ዕድለኛ ነው። በመጫኛ ተመልሶ ነበር፤ ሞተሩ ሲሞቅ እንደገና አንጠባጠበ፣ ስለዚህ አዲስ ይገባል። አንዴ የተገፋ ታፖ አይታመንም።

ውሃው እዚህ ያለ ክዳን 90 ዲግሪ ላይ ይፈላል። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ወደ 113 ያደርሰዋል። የ«ለ» ቴስታታ መነሻው የተበላሸ ክዳን ሳይሆን አይቀርም፤ ላስቲኩ ተበልቶ ነበር።

ታኅሣሥ 6

ሙሉ 15 ዙር። በ9ኛው ላይ የሀ የዘይት መብራት መዞሪያው መሐል በራ። ዘይቱ ወደ ቀኝ ይሸሻል፣ ፖምፓው አየር ይስባል። ኮፓው (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) ወርዶ ከ1.5 ሚሜ ላሜራ መጋረጃ ተበየደ፤ የመምጠጫውን ቦታ ከቀኝ በኩል የሚከልል፣ ከሥሩ ሁለት 12 ሚሜ መግቢያ ያለው። ከመደበኛው 3.5 ሊትር ላይ ግማሽ ተጨመረ። ብየዳው በነዳጅ ቢታይ ጥሩ ነው፦ ነጭ ጋዝ ተሞልቶ ለአንድ ሰዓት። በውሃ ያለፈ ብየዳ በሙቅ ዘይት አንጠበጠበ።

አቧራ፦ የመረሬው ዱቄት የወረቀቱን ፊልትሮ በ15 ዙር ይደፍነዋል። ስፖንጅ በሞተር ዘይት ርሶ፣ ተጨምቆ፣ ከውጭ ይልበስ። ሜዳውም ከውድድሩ በፊት ውሃ ይረጭ፤ ፋሻ ከመግዛት አንድ ቦቲ ውሃ ይረክሳል።

ታኅሣሥ 10

ማኅተም። ጄነራል ሞተርስ 602 የሚባለውን 350 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር አሽጎ ይሸጣል፤ በስሙ የሚጠራው የውድድር ክፍል የሚሮጠው በታሸገ ሞተር ነው። ልዩ ብሎኖቹንም አስመስሎ የሚሠራ አልጠፋም። እዚህ አዲስ ሞተር የሚሸጥልን ስለሌለ የሚታሸገው የተለካው ነው፦ ሁለት የቴስታታ ብሎን፣ ሁለት የኮፓ ብሎን፣ የካርቡራቶሩ ዳዶ። የብሎኑ ጭንቅላት በ1.5 ሚሜ ተበስቶ፣ ሽቦ አልፎ፣ እንደ መብራት ቆጣሪ በእርሳስ ይያዛል። ሽቦው ብሎኑን በሚያጠብቅ አቅጣጫ ይጠምጠም፤ በተቃራኒው የታሰረ ሽቦ ብሎን ሩብ ዙር ይለቃል፣ ማኅተሙ አይበጠስም።

የቴስታታ ብሎን ከመበሳቱ በፊት ይውጣ፣ አንድ በአንድ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ። ጭንቅላቱ ጠንካራ ስለሆነ መብሻ ይበላል፤ በዝግታ፣ በዘይት። ሁለት መብሻ ለአንድ ብሎን ሄዷል።

ታኅሣሥ 14

የመውሰድ ሕግ። ፊንላንድና ስዊድን ውስጥ ያለው የሕዝብ ውድድር በዚህ ይታወቃል፦ ከውድድሩ በኋላ መኪናህን በተወሰነ ዋጋ የጠየቀህ ይገዛዋል፣ አልሸጥም ያለ ፈቃዱን ያጣል። ስለዚህ ማንም ከዋጋው በላይ አያፈስበትም። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ እዚህ የማይቆመው ዋጋው ነው። በመስከረም የተጻፈ ብር በጥር የዕቃውን ግማሽ ላይገዛ ይችላል፣ በተለይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ።

ስለዚህ ሞተር በሞተር። አሸናፊውን ሞተር የጠየቀ የራሱን አውርዶ ይሰጣል፣ የማውረጃና የመግጠሚያ የእጅ ዋጋ በጠያቂው። የሚሰጠው ሞተር የሚሠራና ማኅተም ያለው ይሁን፤ የተቃጠለ ሰጥቶ ጤነኛ መውሰድ የለም። ሁለቱም ሞተሮች ከመለዋወጣቸው በፊት ኮምፕረሽናቸው ተለክቶ ይጻፋል። ካምቢዮና ማርሚታ ከባለቤቱ ጋር ይቀራሉ።

ክብደት፦ ያለው ሚዛን እህል ጫኝ የሚመዘንበት ነው፣ በ20 ኪሎ ነው የሚዘልለው። ስለዚህ ሕጉ 840 ኪሎ ከሹፌር ጋር ይላል፣ 820 የመዘነ ያልፋል፣ 800 አያልፍም። ከዚህ ጠበቅ ያለ ቁጥር በዚህ ሚዛን መጻፍ ጠብ መግዛት ነው።

የመከላከያ ብረት ላይ ብር መቆጠብ የለም። የውሃ ቧንቧ አይሆንም፦ ስፌት አለው፣ ዚንኩ ብየዳውን ያበሰብሳል፣ ጭሱም ይመርዛል። ዋናው ቅስት ያለ ስፌት የተሳበ 45 ሚሜ በ2.5፣ ሌላው 38 በ2.5፤ የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ልክም ይኸው ነው። ከሞተሩ የሚበልጥ ወጪ ሆኗል፣ ይሁን።

ታኅሣሥ 20

ለ በሌላ ቴስታታ ተገጠመ፤ 41.5 ሲቀነስ 3፣ 38.5 ሲሲ። አለፈ። ኮምፕረሽን 116፣ 115፣ 117፣ 116። ሀ 28.7፣ ለ 28.8፣ ሐ 29.3 ሰከንድ። ሐ የዘገየው በፋሻው ነው፤ 0.50 የተጨመረበት ፒስቶን እስኪገኝ እንዳለ ይሮጣል፣ ሲቦረቦር 1,307 ሲሲ ይሆናል፣ ሕጉ ውስጥ ነው።

የቀረ ሥራ፦ ለነሐሱ ዘንግ መያዣ ሳጥን፣ ሁለት ተጨማሪ 10 ሚሊ ሊትር መርፌ፣ የሐ ታፖ። ከጥር በፊት የሦስቱም ብሎክ መፍሰሻ ተፈትቶ ይጸዳ።